ጡሩምባው የት ገባ?

ባለፈው ሰሞን ባሕር ማዶ የምትኖረው የእህቴ ልጅ በስልኬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የኮንሰርት ጥሪ ነው። በምትኖርበት ከተማ ያለው ኦርኬስትራ አንድ ምሽት ሙሉ የሩሲያ ሙዚቃ ሊያቀርብ ነው። ከአቀናባሪዎቹ ስም በላይ በትልቁ የተጻፈው መጠሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ «መታደስና ጽናት» ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ልጅ ሳለሁ ስለ ሩሲያኖቹ ያወሩልኝ የነበረው ሁሉ ትዝ ብሎኝ ነው። ቲኬቱን ገዝቻለሁ» ብላ ጽፋለች።

ፎቶውን ይዤ ወደ ተለመደችው ቡና ቤት ሄድኩ። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማትርቅ፣ ነፋስ ሲመጣ የበሩን መጋረጃ ከነአቧራው ስኒ ላይ የምታለብስ ቡና ቤት ናት። የናዝሬትን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። አዳማም በሏት ናዝሬት፣ አቧራው ያው ነው።

እዚያ የማይጠፉ አንድ ወዳጅ አሉኝ። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሼፍ» ይላቸዋል። ፎቶውን አሳየኋቸው።

«ምን ይላል?» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«መታደስና ጽናት።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የስንት ቀን ስብሰባ ነው? አበል አለው?»

«አይ ሼፍ፣ ሙዚቃ ነው እኮ።»

«ሙዚቃማ ከሆነ እንዲህ ያለ ስም ምን ሊያደርግለት?»

በሼፍ አልፈርድም። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። አዳራሽና ሆቴል የሞላባት፣ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ቅርብ የሆነች፣ ሰነድ ለማዳበር፣ አቅም ለመገንባትና ለመገማገም የምትመች ከተማ። «ተሃድሶ» የሚለውንም ቃል እኛ የሰማነው ከቫዮሊን ጋር አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ ተሰነጠቀና ያሸነፈው ወገን ተሃድሶ አለ። በ2009 ዓ.ም. አገር በተቃውሞ ስትናጥ «ጥልቅ ተሃድሶ» ተባለ፤ የፊተኛው ጥልቅ እንዳልነበረ ያወቅነው ያኔ ነው። ያኔውኑ በየካምፑ የታጎሩ ወጣቶች «የተሃድሶ ሥልጠና» ወስደው «ተመረቁ» ተባለ። ከተማችን ራሷስ ስንቴ ታደሰች! ናዝሬት ተባለች፣ ወደ አዳማነቷ ተመለሰች። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ነሽ ተባለች፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ዋና ከተማነቱ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እንዲህ ሲታደስ የኖረ ሰው ቃሉን ሲሰማ አበል ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ቃሉን ግን ለስብሰባ ብቻ ልንተወው አይገባም። እኔ ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ክፉ ልማድ ሆኖብኝ ቃል ሳልፈታ አላልፍም። «ታደሰ» እና «አዲስ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ባዶ መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው «አዲስ ቤት ሠራሁ» ይላል እንጂ «ቤቴን አደስኩ» አይልም። አደስኩ ለማለት መጀመሪያ ቤቱ መኖር አለበት። መሠረቱ ሲጸና፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ያኔ ቀለሙም ይቀባል፣ ቆርቆሮውም ይቀየራል። ያልቆየ ነገር አይታደስም።

«ጸና» የሚለው ደግሞ የባሰ ጉድ አለበት። በአማርኛችን ሰው በእምነቱ ይጸናል፣ ቃል ኪዳንም ይጸናል። «ሕመሙ ጸናበት» ስንልስ? ያው ቃል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በእኛ አገር በሙዚቃ ሰው ላይ የሚጸናው ችግሩ ነው። ሲታመም ኮሚቴ ይቋቋምለታል፣ ሲሞት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ በመካከሉ አንድ ቀን መድረክ ላይ አውጥተን «ጽናትህን እናደንቃለን» ብለን ጋቢ እናለብሰዋለን። እኔ ግን እላለሁ፦ ጽናት ከድሃ ሰው የሚጠበቅ ትዕግሥት አይደለም። ጽናት ኃላፊ ሲቀየር የማይቀየር የደመወዝ መደብ ነው። የተቆለፈ ቁም ሣጥንና ቁልፉን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ካልኩ ዘንድ ማስረዳት አለብኝ። የባሕር ማዶውን ዘመን በፈረንጅ፣ የአገራችንን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁና እንዳትደናገሩ።

ከሩሲያኖቹ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1897 ሰርጌይ ራክማኒኖፍ የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የመጀመሪያ ሲምፎኒው በሴንት ፒተርስበርግ ለሕዝብ ቀረበ። ወደቀ። አወዳደቁም ቀላል አልነበረም፤ ሐያሲዎቹ አብጠለጠሉት፣ ልጁም ሞራሉ ተሰብሮ ሦስት ዓመት ገደማ ይህ ነው የሚባል ሥራ መጻፍ ተሳነው። በኋላ ኒኮላይ ዳል የሚባል ሐኪም ዘንድ እየተመላለሰ ታከመ። እ.ኤ.አ. በ1901 ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንቼርቶ ይዞ መጣ፤ ዛሬ ዓለም ደጋግሞ ከሚያዳምጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው። መታሰቢያነቱን ለሐኪሙ ሰጠው። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች «ወድቆ ተነሣ» ብለው ያልፉታል። ልብ በሉ እንጂ፣ ብቻውን አልተነሣም። ሐኪም ነበረው። ሲነሣ ደግሞ የጻፈውን የሚጫወትለት ኦርኬስትራ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የሌኒንግራድ ነው። ጀርመኖች ከተማዋን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 ከበቧት፤ ከበባው 872 ቀናት ቆየ። በዚያ የመጀመሪያ ክረምት ለብዙው ነዋሪ የተፈቀደው የቀን ዳቦ 125 ግራም ነበር። እሱም ንጹሕ ዱቄት አልነበረም። ሕዝቡ በረሃብ እንደ ቅጠል ረገፈ። በከተማዋ የቀረው የሬዲዮ ኦርኬስትራ ሥራውን አቆመ፤ ከአባላቱም የሞቱት ሞቱ። ዲሚትሪ ሾስታኮቪች ግን በሌኒንግራድ ሳለ የጀመረውን ሰባተኛ ሲምፎኒ ከከተማዋ ከወጣ በኋላ ጨርሶ ነበርና፣ ሲምፎኒው በከበባው ውስጥ ይቀርብ ተባለ። ኖታው በአውሮፕላን ገባ። መሪው ካርል ኤሊያስበርግ የተረፉትን ሰበሰበ። የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወቱት ትንፋሽ አጡ፤ ልምምዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይቋረጥ ነበር። ለሙዚቀኞቹ ተጨማሪ ምግብ ተፈቀደ፤ የጎደለውን ሰው ለመሙላት ሙዚቃ የሚያውቁ ወታደሮች ከግንባር ተጠሩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1942 ሲምፎኒው ተጫወተ። የጀርመን መድፍ እንዳይረብሽ የሶቪየት መድፍ አስቀድሞ ደበደበው። ሙዚቃውም በድምፅ ማጉያ ወደ ከባቢው ጦር ጭምር ተለቀቀ።

ይህ ሁልጊዜ የሚተረከው እንደ ተአምር ነው። «የሰው ልጅ መንፈስ!» ይባላል። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ የሙዚቀኞቹን የስም ዝርዝር አወጣ፤ ማን አለ፣ ማን ሞተ፣ ማን የት ሰፈር ተኝቷል ብሎ ፈለገ። ሌላው ለምግቡ ፈረመ። ሌላው የጦር አዛዥ ጡሩምባ የሚያውቀውን ወታደር ለቀቀ። የሚነፋ ጡሩምባም፣ የሚገለጥ ኖታም፣ የሚገባበት አዳራሽም ነበር። መንፈሱማ በእኛም አገር ሞልቷል። እኛ ዘንድ የጠፋው ዝርዝሩ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ራክማኒኖፍ ወድቆ በቆዘመባቸው በእነዚያው ዓመታት ከሩሲያ ወደ እኛ አንድ ጭነት መጥቶ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነው ከተሰማ በኋላ ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከአሠልጣኝ ጋር ላኩ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ የቆመው በዚያ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሲጫወቱ ሰሙና አርባውን ይዘዋቸው መጡ፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸው ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ። ጓዱ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተበተነ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ የነበሩትም ተበተኑ። ከነፃነት በኋላ አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች የሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት መጥቶ የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ኦርኬስትራውን አንድ ኦስትሪያዊ ያዘው፤ ቀጥሎም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ደከመበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር የክቡር ዘበኛ ነገር ተናጋ፤ ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ከመታሰር አልዳነም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚባለው፣ ክራሩን ከማሲንቆ፣ ዋሽንቱን ከእምቢልታ አንድ ላይ ያስቀመጠው ግሩም ቡድን እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሥርቶ አብዮቱ በገባ በዓመቱ ገደማ አከተመ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ሠራዊቱ ሲበተን የጦር ባንዶቹ አብረው ተበተኑ።

ቁጠሩ እስቲ። ሩሲያዊ ጀመረ። አርመን ጀመረ። ፖላንዳዊ ጀመረ። ኦስትሪያዊ ጀመረ። ጀማሪ አጥተን አናውቅም፤ ያጣነው ቀጣይ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ጡሩምባው ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ሃያ ዓመት ይቆይና ሌላ ፈረንጅ መጥቶ «ይህች አገር ተሰጥኦ አላት!» ብሎ በመደነቅ ዶ-ሬ-ሚን እንደገና ይጀምራል።

ይህን ለሼፍ ስተርክላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባቡሩም እኮ እንዲሁ ነው፣ መምህር። በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፣ ደስ አለን። አሮጌውን በጆሮው ብቻ ሰምቶ የት ጋ እንደታመመ የሚናገር መካኒክ ግን ማን ጠየቀው? እቤቱ ተቀምጦ ሞተ።»

የራሴን ምስክርነት ልጨምር። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ከተማ የአንድ ቀበሌ ኪነት አባል ነበርኩ። ታምቡር መቺ ነበርኩ። የምንዘምረው ምን እንደነበር ዕድሜዬን የምትጋሩ ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ያሠለጥኑን የነበሩት ግን ከጦር ሠራዊት ባንድ በጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። በአለንጋ ጭምር ኖታ አስቆጠሩን። ሦስት ጡሩምባዎች፣ ሁለት አኮርዲዮን፣ አንድ ትልቅ ከበሮና የእኔ ታምቡር ነበሩ። ማታ ማታ ራሳቸው በጨርቅ ወልውለው፣ ቆጥረው፣ ቆልፈው ነበር የሚሄዱት። «ልጅ ይሞታል፣ መሣሪያ ግን አይሞትም» ይሉን ነበር። ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው በሕይወቴ ካገኘኋቸው አስተማሪዎች ስለ ጽናት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መንግሥት ተለወጠ። ቀበሌው ተዘረፈ ማለት አልችልም፤ የተዘረፈ ነገር ፈላጊ አለው። ማንም አልፈለገውም እንጂ። ሞዴል 19 ተቆርጦለት የገባ ንብረት በምን ሞዴል እንደወጣ የሚናገር ጠፋ። አኮርዲዮኖቹን አይጥ በላቸው አሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ አንድ ጋራዥ ገባሁ። አንድ ልጅ ከበርሜል ወደ መኪና የሞተር ዘይት ያንቆረቁራል። የሚያንቆረቁርበትን ዕቃ አየሁት። ጡሩምባ ነው። ሰፊው አፉ ከአንገቱ ተቆርጦ፣ በዘይት ጠቁሮ፣ ግን ጠርዙ ላይ እኛ በልጅነት በሚስማር የጫርነው ምልክት እንዳለ ነው። «ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ከቆራሌ» አለኝ። ቆራሌውን ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ ይነሣሉ። አውቃቸዋለሁ፤ ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ «ሕዝብ ዳቦ ሳይጠግብ ቫዮሊን?» ይላል። ለዚህ ሰው 125 ግራሟን ዳቦ አስታውሰዋለሁ። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር። እኛ ገንዘብ ያላዋልነው ለዳቦ ብለን ነው እንዴ? ለድምፅ ማጉያው፣ ለድንኳኑ፣ ለቲሸርቱ፣ ለባነሩ፣ ስለ ተሃድሶ ለሚወራበት የሦስት ቀን ስብሰባ ቁርስና ምሳ ገንዘብ ጠፍቶ ያውቃል? አንድ ጡሩምባ አንዴ ተገዝቶ ከተያዘ ሠላሳ ዓመት ይነፋል። ባነሩ ማግስቱን ይወርዳል።

ሁለተኛው፣ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ አይደለም» ባይ ነው። እሱም ቢሆን ታሪክ ይጎድለዋል። ቫዮሊኑም ኦርኬስትራውም ለሩሲያም የፈረንጅ ነገር ነበር! ጣሊያኖችና ጀርመኖች ናቸው ያመጡላቸው። ሩሲያኖቹ የመጀመሪያውን ኮንሰርቫቶሪ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1862 በሴንት ፒተርስበርግ ነው፤ ቻይኮቭስኪ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነበር። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ስትራቪንስኪ የድሮ ሩሲያ የፀደይ ሥርዓትን በሙዚቃ ይዞ ፓሪስ ገባና አዳራሹን በጩኸት አናወጠው። ተማሪው አስተማሪውን አስደነገጠ። የፀደይ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ ነው? ከአዳማ ወደ ቢሾፍቱ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሆራ አርሰዲ ዳር በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሕዝበ አዳም እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ኢሬቻ ያከብራል። መታደስ ማለት ይህ ነው፤ ክረምት አልፎ፣ ወንዝ ጎድሎ፣ ሰው ከሰው ሲገናኝ። ይህን የሚያክል ድምፅ ያለው አገር፣ ያሬድን የወለደ አገር፣ በገና፣ ክራርና ማሲንቆ ያለው አገር፣ ኦርኬስትራ የሰው ነው ብሎ ሲሸሽ ያሳዝናል። ሰው ድምፁን ለማስፋት መሣሪያ ቢዋስ ድምፁ የሰው አይሆንም።

ዓሊ ቢራን ውሰዱ። ድሬዳዋ ላይ ከአፍረን ቀሎ ቡድን የወጣ፣ የኦሮምኛን ዘፈን ዘመናዊ ያደረገ ሰው ነው። እሱም እንኳ በወጣትነቱ ለጥቂት ዓመታት በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሠርቷል። ቋንቋውን ያገለለ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ከባንዱ የሚገኘውን ሙያ ወሰደ፤ ድምፁን ግን አልሰጠም። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው እዚሁ አዳማ ነው። አገር አለቀሰ፣ እኛም አለቀስን። የአዳማ ልጅ ዛሬ «እንደ ዓሊ መሆን እፈልጋለሁ» ቢል ግን በማግስቱ ጠዋት የት ሂድ እንበለው? ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ በመቂና በባቱ በኩል ስትወርዱ በየሠርጉ የምትሰሙት አንድ ኪቦርድ ነው። ጡሩምባውም፣ ከበሮውም፣ ማሲንቆውም እዚያች ሣጥን ውስጥ ናቸው። ልጁ በአንድ ጣቱ ጡሩምባ «ይነፋል»። በእሱ አልፈርድም፤ ሌላ ምን ሰጠነው?

ሦስተኛው ተከራካሪ ከሁሉም ብልሁ ነው። «መንግሥት የሚከፍለው ሙዚቃ የመንግሥት አሽከር ነው፤ ኪነቱን ረሳኸው?» ይለኛል። አልረሳሁትም፤ ታምቡሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ሾስታኮቪችም ይህን ያውቃል። ያን ኦርኬስትራ ያበላው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1936 በፕራቭዳ ጋዜጣ ኦፔራውን «ሙዚቃ ሳይሆን ትርምስ» ብሎ ያዋረደውና ለዓመታት እንቅልፍ የነሳው ያው መንግሥት ነው። ዛሬም የሩሲያ ሙዚቃ ስለ ጽናት ሲነሣ የዩክሬን ከተሞች ትዝ የሚሉት ሰው ቢኖር እውነት አለው። ከበባን የቀመሰ ሕዝብ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በጎረቤቱ ከተሞች ላይ ያደረገውን ዓለም አይቷል። የእህቴ ልጅ አዳራሽ ገብታ ስታጨበጭብ ይህንንም እንድታስብ እፈልጋለሁ። ጭብጨባው ለሙዚቀኞቹ እንጂ ለቤተ መንግሥቱ አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «ጡሩምባው ይጥፋ» አይደለም። የእኛ ስሕተት መዝሙሩን ስንጥል ጡሩምባውንም አብረን መጣላችን ነው። ጡሩምባ ምን ጥፋት አለበት? የነፉበትን ይነፋል። ለአንድ ሥርዓት ሲነፋ የነበረ ጡሩምባ ከመቃብሩ በላይ መቆየት ከቻለ በኋላ ለሠርግ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለኢሬቻ፣ ለጥምቀት፣ ለሐዘንም ይነፋል። መንግሥት ያልፋል፤ የከተማው ጡሩምባ ግን የከተማው መሆን አለበት። ለዚህ ነው ንብረትነቱ የሹም ሳይሆን የትምህርት ቤት፣ የከተማ፣ የማኅበር ይሁን የምለው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሲምፎኒ አልጠየቅሁም፤ ሐውልትም አልጠየቅሁም። በአዳማ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል። ሃያ የትንፋሽ መሣሪያ፣ አሥር ክራርና ማሲንቆ። ሁለት አስተማሪዎች፤ አንዱ ኖታ የሚያስተምር፣ አንዱ ዜማችንን የሚያውቅ። ደመወዛቸው በከተማው በጀት ውስጥ በስማቸው ሳይሆን በመደባቸው የተጻፈ፣ ሰውየው ቢሄድ መደቡ የሚቀር። መሣሪያው ቁጥር ተሰጥቶት በየዓመቱ የሚቆጠር፣ የወላጆች ኮሚቴ ቁልፍ የያዘበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሥር ዓመት የማይነካ ቃል። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ «እስካሁን የተሠራው ልክ አልነበረም» ብሎ ከዜሮ እንዳይጀምር። ከዚያ መቂም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ያየዋል። ይህ ከአንድ ትልቅ ስብሰባ ወጪ ይበልጣል የሚል ሰው ካለ ሂሳቡን ይዞ ይምጣና ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

የውጭ ኦርኬስትራም ቢጋበዝ አልቃወምም፤ ደስ ይለኛል እንጂ። ነገር ግን እንግዶቹ ተጫውተው፣ ባለሥልጣኑ የፊት ወንበር ላይ አንቀላፍቶ፣ ማግስቱን ሁሉም ወደ አውሮፕላን ከሄደ ምን ቀረልን? የሚመጣው እንግዳ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ጠዋት ላይ ያችን ክፍል ይጎብኝ። ልጆቹን ሁለት ሰዓት ያስተምር። የተረፈውን የመሣሪያ ክር፣ የጡሩምባ አፍ፣ የኖታ ወረቀት ትቶ ይሂድ። ዛሩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ከነአሠልጣኙ ነበር የላኩት። እኛ መሣሪያውን ተቀብለን ትምህርቱን ሳናወርስ ቀረን።

ከቡና ቤቱ ስንወጣ ነፋሱ ጀምሯል። ሼፍ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ኮረብታው አሳዩኝ። እነዚያ ነጫጭ ምሰሶዎች ይዞራሉ። የመጀመሪያው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው በ2015 ሥራ ጀመሩ፤ አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት ነው። ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ «ታዳሽ ኃይል»።

«አየህ፣ መምህር» አሉኝ ሼፍ፣ «ይህ ነፋስ ድሮም ነበረ። አይናችንን ከማጥፋት በቀር ምን ፈየደ? ምሰሶ ተተከለለትና መብራት ሆነ።»

አፌ ላይ የነበረውን ነጠቁኝ። በየቤቱ፣ በየመንደሩ፣ በባጃጁ ወረፋና በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የልጆች ትንፋሽ ሞልቷል። ሲያፏጩ ትሰሟቸዋላችሁ። የጎደለው የማይነቃነቅ ምሰሶ ነው።

ማታ ለእህቴ ልጅ መልስ ጻፍኩላት። «ሄደሽ ስሚ፣ ደስ ይበልሽ። ስትወጪ ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የጡሩምባዎቹ ቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ።»

ሳምንት ያገናኘን።